በበዓል ሰሞን የድግስ ስፍራ፤ የሐረር ሸዋ በር ታሪክ

በዓል በመጣ ጊዜ ከተማ ትጠባለች። ባዘቦት ቀን ሰፊ የነበረው አደባባይ በዋዜማው እግር የሚጣልበት ይታጣል፤ ባዘቦት ቀን ባዶውን የሚያድረው የእንግዳ ማረፊያም ስፍራ የለኝም ብሎ ደጁን ይዘጋል። ስለዚህ ልጁን የሚድርም ቢሆን፥ ሕፃን ክርስትና የሚያስነሣም ቢሆን፥ የማኅበር ተራ የደረሰውም ቢሆን፥ ድግስ ያለበት ሰው ሁሉ በበዓል ሰሞን አብዝቶ የሚጨነቀው ስለ መብሉና ስለ መጠጡ ሳይሆን ስለ ስፍራው ነው። ጠላው ይጠመቃል፥ እንጀራው ይጋገራል፤ ስፍራ ግን አይጠመቅም፥ አይጋገርምም።

ይህ ጭንቀት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በወንጌል እንደ ተጻፈው ቤተ ልሔም ለቈጠራ በመጡ ሰዎች በተመላች ጊዜ፥ እመቤታችን በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አላገኘችም። ኋላም የፋሲካ በዓል ደርሶ ኢየሩሳሌም ከየአገሩ በመጣ ሕዝብ ስትጨናነቅ፥ ጌታ ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ማድጋ የተሸከመ ሰው ተከትለው ወደሚገባበት ቤት እንዲገቡ ላካቸው፤ ባለቤቱም ተነጥፎ የተዘጋጀ ታላቅ ሰገነት አሳያቸው። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ እንደሚተርኩትም፥ ኢየሩሳሌም የነገዶች ሁሉ ርስት ናት ስለሚባል የከተማይቱ ሰዎች ለበዓል ከመጣ እንግዳ የቤት ኪራይ አይቀበሉም ነበር፤ እንግዳው ግን የመሥዋዕቱን ቆዳ ለባለ ቤቱ ትቶለት ይሄድ ነበር። እንግዲህ ቤተ ልሔምም ኢየሩሳሌምም በሰው ተመልተው ነበር። በአንደኛዪቱ ስፍራ የታጣው በሁለተኛዪቱም የተገኘው በከተማ ስፋትና ጥበት አይደለም፤ አስቀድሞ ቤቱን አሰናድቶ እንግዳን የሚጠብቅ ባለ ቤት በመኖሩና ባለመኖሩ ነው።

ከኢትዮጵያ ከተሞች ይህን ነገር በግንብ ውስጥ ሆና የተማረች ሐረር ናት። ያገሩ ሰው ጁገል የሚለው ግንብ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፥ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የተሠራ ነው። ዙሪያው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ በውስጡ ያለው መሬት 48 ሄክታር ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. ከተማይቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትጻፍ፥ በዚህች ጠባብ መሬት 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መካናት እንዳሉ ተቈጥሮ ነበር። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ ከመንገዶቹም ሁለት ሰው ጐን ለጐን ለመሄድ የሚቸገርባቸው አሉ። ግንብ ያለበት ከተማ እንደ ሌላው ወደ ሜዳ እየተስፋፋ ድግሱን አያስተናግድም፤ ያለውን ስፍራ በሥርዓት መካፈል ግድ ይሆንበታል።

የግንቡ አሮጌ በሮች 5 ናቸው። በአማርኛ ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ፤ ሐረር በር የሚባለው ስድስተኛው ከእነዚህ በኋላ የተከፈተ ነው። ሐረሪዎች ለየበሩ በገዛ ቋንቋቸው ሌላ ስም አላቸውና፥ ሸዋ በርን አስማዲን በሪ ይሉታል። ከውስጥ የሚወጣው በአንድ ስም፥ ከውጭ የሚመጣው በሌላ ስም ይጠራዋል፤ በሩ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ሸዋ በር የተባለበትም ምክንያት ወደ ምዕራብ፥ ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ በዚያ በኩል ስለሚወጣ ነው። ከበሩ ውጭ ገበያ አለ፤ የገጠር ሴቶች እንጨቱንና አትክልቱን ይዘው ይወርዱበታል፥ እህሉ፥ ቅመሙና ዕጣኑም ይሸጥበታል። የዒድም ሆነ የጥምቀት ዋዜማ ሲደርስ፥ የግንቡ ውስጥ ሰውና የግንቡ ውጭ ሰው ለየድግሱ የሚያስፈልገውን ሊገዛ የሚገናኘው በዚህ ደጅ ነው። ስለዚህ በሐረር የድግስ ነገር ሲነሣ ከሸዋ በር መጀመር የተገባ ነው።

ግንቡ ከመቶ ዘመናት በኋላ ሌላ ጎረቤት አገኘ። ግብጾች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው ከቈዩ በኋላ ለቀው ወጡ፤ አሚር ዐብዱላሂም ገዛ። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን በጨለንቆ በተደረገው ጦርነት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ድል አድርገው ወደ ከተማይቱ ገቡ፤ ደጃዝማች መኰንንንም፥ ኋላ ራስ የተባሉትን፥ ገዢ አድርገው ሾሙ። ከዚያ ወዲህ በግንቡ ውስጥም በፈረስ መጋላ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆመ፤ ከግንቡም ውጭ ወደ ምዕራብ የክርስቲያን ሰፈር እየበዛ ሄደ። ይህ ታሪክ ለአንዱ የድል፥ ለሌላው የሐዘን መሆኑን መሸሸግ አይገባም። የሐረሪ ቤት ወለልና መደብ ቀይ ቀለም የሚቀባው በጨለንቆ ለወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ሰርጉም ዒዱም የሚደገሰው በዚያው ቀይ መደብ ላይ ነው። እንደዚህ ያለ ቤት ለእንግዳ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን ለሚቀመጥበት ሰው የአባቶቹ ማስታወሻ ይሆነዋል።

የሐረሪ ቤት ራሱ ለድግስ የታሰበ ሕንፃ ነው። ከበሩ ሲገቡ ፊት ለፊት ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ይታያሉ፤ ቍጥራቸው 5 ነው። ለባለ ቤቱና ለተከበረው ሰው የተለየ መደብ አለ፤ ለሽማግሌውም ለወጣቱም በየማዕርጉ መቀመጫው የታወቀ ነው። በግድግዳው ላይ ሴቶች የሰፏቸው ሞሰቦችና ሰፌዶች ይደረደራሉ፤ በጐንም አዲስ ሙሽሮች የሚሰነብቱባት ጠባብ ክፍል አለች። እንዲህ ሲሆን እንግዳ በገባ ጊዜ ወዴት ልቀመጥ ብሎ አይጠይቅም፤ ቤቱ ራሱ ይነግረዋል። ብዙ እንግዳ በአንድ ትንሽ ቤት ያለ ጭቅጭቅ የሚስተናገደው ስለዚህ ነው። የቤት ስፋት የሚለካው በክንድ ብቻ ሳይሆን በሥርዓቱም ነው።

ቤቱ ቢጠብም የጎረቤት ቤት ይጨመራል። ሐረሪዎች አፎቻ የሚባል ማኅበር አላቸው፤ በሰርግና በሐዘን አባሎቹ በጉልበትም በገንዘብም ይረዳዳሉ። በአንዱ ቤት ሰርግ በሆነ ጊዜ የአፎቻው ሴቶች አብረው ይሠራሉ፥ አብረውም ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ደጋሹ አንድ ሰው መስሎ ይታይ እንጂ ደጋሹ ሰፈሩ ነው። ከግንቡ ውጭ ያለው ክርስቲያንም ከዚህ የሚመሳሰል ልማድ አለው። የጻድቅ ወይም የመልአክ ማኅበር በየወሩ ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞራል፤ ሰንበቴ ግን ከቤት ወደ ቤት ሳይዞር በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ባለው የሰንበቴ ቤት ይቀመጣል። በ20ኛው መቶ ዘመን በከተሞች የተስፋፋው ዕድር ደግሞ ድንኳኑን፥ አግዳሚውንና ዕቃውን አዘጋጅቶ ላባሎቹ ያውሳል። ማኅበሩ እንግዳውን ወደ ድኻውም ወደ ባለጠጋውም ቤት በተራ ይወስዳል፤ ሰንበቴው ማንም ቤቴ ጠበበኝ ብሎ እንዳያፍር የሁሉ የሆነውን ቤት ያቀርባል፤ ዕድሩ ደግሞ ቤት የሌለውን በድንኳን ባለ ቤት ያደርገዋል። ለተዋደደ ሰው አንድ ቍርበት ይበቃል የሚለው ያገር ምሳሌ በዚህ ይፈጸማል።

የሰርግ ዳስም ከዚሁ ልማድ የተወለደ ነው። እንጨቱ ተተክሎ፥ ቅጠሉ ተሸፍኖ፥ ቄጠማው ተጐዝጕዞ ሲያበቃ፥ ትናንት ባዶ የነበረው ደጅ ዛሬ አዳራሽ ይሆናል፤ ከነገ በስቲያም ፈርሶ መንገዱን ለመንገደኛ ይመልሳል። ምግቡ በአንዱ ጎረቤት ማድ ቤት ይሠራል፤ ሽማግሌዎች በሌላው ጎረቤት ቤት ይቀመጣሉ፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ በሦስተኛው ቤት ያድራል። ያገር ሰው እንግዳን በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው ብረት ይለዋል፤ እንግዳው በየቤቱ ሲከፋፈል ግን ብረት እስኪሆን ድረስ በአንድ ቤት ላይ አይከብድም።

ከቤትና ከዳስ የሚያልፍ በዓል ሲመጣ ግን የሚያስፈልገው የሁሉ የሆነ ስፍራ ነው። በሐረር ለዚህ ምስክር የሚሆነው ሸዋሊድ ነው። የረመዳን ጾም በዒድ አልፈጥር ከተፈታ በኋላ በሸዋል ወር 6 ቀን ይጾማል፤ ይልቁንም ሴቶች በረመዳን ያጐደሉትን ቀን ይፈጽሙበታል። ያ ጾም ሲያበቃ ሕዝቡ ወደ አው ሹሉም አሕመድና ወደ አው አክበራ መካናት ወጥቶ በከበሮና በእንጨት ጭብጨባ ዝክሪ እያለ ያከብራል፤ ወጣቶችም በዚያ ይተያያሉ፥ ይተጫጫሉም። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. ይህን በዓል በማይዳሰስ ቅርስ መዝገቡ ጽፎታል። ከዚህ ወዲህ የእንግዳው ቍጥር በአንድ ሰፈር ልማድ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ነገር ግን ስፍራው ተከራይቶ የተገኘ አይደለም፤ አባቶች ያከበሩት ስለ ሆነ ልጆች የሚሄዱበት ነው፤ ለመግባትም ከመምጣት በቀር ሌላ አይጠየቅም።

የክርስቲያኑም ወገን ተመሳሳይ ነገር በቍልቢ ያያል። ከሐረር ወደ ምዕራብ፥ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ያለው የቍልቢ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን መሥራቹ ራስ መኰንን ናቸው፤ እርሳቸውም መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ያረፉት በዚያው በቍልቢ ነው፤ ሥጋቸው ግን ሐረር ወስዶ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ ተሳላሚው ከየአገሩ ይጐርፋል። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ለብዙ ዘመን ተሳላሚውን እስከ ድሬዳዋ ያመጣው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በመኪናም በእግርም ዳገቱን ይወጣል። በቍልቢ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ቤት የለም። የሐረርና የድሬዳዋ የእንግዳ ማረፊያዎች በዚያን ሰሞን ይመላሉ፤ የቀረው ሕዝብ ግን በሜዳው ድንኳን ተክሎ ያድራል፥ ያለው ለሌለው ስለቱን ያካፍላል። ጠቦት ይዞ የመጣ ሰው ካጠገቡ ያለውን የማያውቀውን ሰው ጠርቶ የሚበላበት ሜዳ፥ ከማናቸውም አዳራሽ የማያንስ የድግስ ስፍራ ነው።

ይህ ማለት ታላቅ አዳራሽ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ያሠሩት አዳራሽ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ያስተናግድ ነበር፤ በእሑድና በበዓል ቀን ግብር ሲገባ መኳንንቱ በፊት፥ ወታደሩም በየተራው እየገባ ይበላ ነበር። አስተውሎ ለሚመለከተው ግን የዚያ አዳራሽ ጥበብ በስፋቱ ብቻ አልነበረም፤ በተራው ነበር። አንዱ ገበታ ሲነሣ ሌላው ይቀርባል፥ የጠገበው ሲወጣ የተራበው ይገባል። በዚህም ሥርዓት በአንድ ቤት የብዙ ቤት ያህል ሰው ይስተናገድ ነበር። በሐረሪ ቤት ነደባ የሠራውን ሥራ፥ በምኒልክ አዳራሽ ተራ ሠራው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የጊዜ ጥበት አለ፤ ይህንንም ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ካህናት ከሌላው ይልቅ ያስተውሉታል። በክርስቲያኑ ዘንድ በጾም ሰርግ ስለማይደረግ፥ ከጥምቀት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ፥ ከነነዌ 3 ቀኖች በቀር፥ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደረባል፤ ጥር 12 ራሱ የቃና ዘገሊላ ሰርግ መታሰቢያ ነው። በእስላሙም ዘንድ በረመዳን የታቈየው ሰርግ ሁሉ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ይመጣል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳል፤ ይህም ጥንተ አበቅቴ የሚባለው ቍጥር ነው። ስለዚህ የሸዋል ወር በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ በ33 ዓመት ገደማ ወራቱን ሁሉ ይዞራል። በ1991 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር ከከተራና ከጥምቀት ጋራ ተጋጥሞ ውሎ ነበር። ሒሳቡም እንደሚያሳየው በ2024 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር ጥር 5 ገደማ ይውላል፤ ጨረቃ በመታየቷ የአንድ ቀን ልዩነት ቢኖርም ሸዋሊድ ከጥምቀትና ከቃና ዘገሊላ ጋራ በአንድ ሳምንት ይገጥማል ማለት ነው።

እንግዲህ በዚያን ሳምንት በሸዋ በር የሚሆነውን ማሰብ አያስቸግርም። በግንቡ ውስጥ ሸዋሊድ፥ በግንቡ ውጭ ጥምቀት፥ በሁለቱም ወገን ሰርግ፥ ከሩቅ አገርም እንግዳ፤ ገበያውም ለሁሉ አንድ። በዚያ ቀን ስፍራን በገንዘብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከቤተ ልሔም የእንግዶች ማደሪያ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ጎረቤቱን አስቀድሞ ያማከረ፥ ቀኑን ያሸጋሸገ፥ የሌላውን በዓል መንገድ ያልዘጋ ሰው ግን ስፍራ አያጣም።

በዚህ ዘመን ድግስን ከሰፈር አውጥቶ ወደ ሆቴልና ወደ ኪራይ አዳራሽ መውሰድ በከተሞች ሁሉ እየበዛ ነው። ይህም ጥቅም አለው፤ ዝናብ አያሰጋም፥ ባለ ቤቱን ከድካም ያሳርፋል፥ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ይይዛል። የሚጐድለውንም ግን ማየት ይገባል። ልጁን አዳራሽ ተከራይቶ የዳረ ሰው የጠራቸው እንግዶች ሁሉ መጥተውለት ይሆናል፤ ነገር ግን በደጁ የምትኖረው እግሯ የማይራመድ አሮጊት፥ ሙሽራዪቱን በሕፃንነቷ ያዘለቻት፥ እልልታውን ሳትሰማ ትቀራለች። ዳሱ በደጅ ቢተከል ኖሮ በመቀመጫዋ ሳለች ምርቃቷ ይደርስ ነበር። በወረቀት ያልተጠራ ድኻም በዳስ በኩል ሲያልፍ ግባ ይባላል፤ የአዳራሹ ዘበኛ ግን የሚጠይቀው ወረቀት ነው። በበዓል ሰሞንም የአዳራሹ ኪራይ ሲወደድ ባለ ድግሱ ይበደራል፥ አለዚያም የሚጠራውን ሰው ይቀንሳል፤ ከሚቀነሱትም ብዙ ጊዜ መጀመሪያዎቹ የሚመልሱት ድግስ የሌላቸው ናቸው።

ስለዚህ ስፍራ የሚመረጥበት ሥርዓት ከሰው ሊጀምር ይገባዋል። ባለ ድግስ አስቀድሞ ማን ሊመጣ እንደሚገባው፥ ከነዚያም ማን በእግሩ ሊደርስ እንደማይችል ይቍጠር። ከዚያ በኋላ ለእነርሱ የሚቀርበውን ስፍራ ይፈልግ፤ ቤቱ ቢበቃ ቤቱን፥ ባይበቃ የጎረቤቱን፥ እርሱም ባይበቃ ዳሱን ወይም የሰንበቴውን ቤት ይያዝ። አዳራሽ ግድ ቢሆንበትም ከሰፈሩ ያልራቀውን ይምረጥ፤ መምጣት ላልቻሉትም ከገበታው ወደ ቤታቸው ይላክላቸው። ታቦት በሚወጣበትም ሆነ ሸዋሊድ በሚከበርበት ቀን መንገድ የሚዘጋ ዳስ አይትከል፤ ቀኑንም ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋራ ይማከርበት።

የሐረር ግንብ በተሠራ ጊዜ ጠላትን ለመከልከል ነበር። ከዘመን ብዛት ግን በውስጡ ላሉት መካፈልን አስተማረ፤ በሩም ጦር የሚጠበቅበት መሆኑ ቀርቶ ለሁለት ሕዝብ ድግስ የሚገዛበት ሆነ። በ2024 ዓ.ም. ጥር፥ ሁለቱ በዓላት በአንድ ሳምንት በገጠሙ ጊዜ፥ በሸዋ በር ቅቤና ዕጣን ሊገዙ የሚገናኙት ሁለት ጎረቤቶች፥ አንዱ ለሸዋሊድ ሌላውም ለቃና ዘገሊላ ሲሰናዱ፥ እንግዶችህ ስንት ናቸው፥ ቤትህስ ይበቃሃልን ብለው ቢጠያየቁ ከተማይቱ ለሁሉ ትሰፋለች። ባይጠያየቁ ግን 48 ሄክታሩ ቀርቶ ከግንቡ ውጭ ያለው ሜዳ ሁሉ ቢጨመርላቸው አይበቃቸውም።